«አንቺ ጥቁር ነሽ፣ ፀሐይ ምን ያደርግሻል?»

ማድያቷ ለወራት ታክሞ ከጠራ በኋላ ተመልሶ ጉንጮቿን ያለበሰባት አንዲት እናት ከሐሳቤ አልወጣ ብላለች። ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ትቸረችራለች። ማታ ማታ የምትቀባውን መድኃኒት አላስተጓጎለችም። ያቋረጠችው የፀሐይ መከላከያ ክሬሙን ነው። ልትገዛ የሄደችበት ፋርማሲ ባለሙያ «ይሄ የፈረንጅ ነው፤ አንቺ ጥቁር ነሽ፣ ፀሐይ ምን ያደርግሻል?» ብሎ መለሳት። ገንዘቧን ስላተረፈላት አመስግናው ወጣች።

ይህን አነጋገር ከታካሚ ብሰማው አይገርመኝም። ነጭ ጋዋን ከለበሰ ሰው ስሰማው ግን ያንገበግበኛል። ከሐኪሞችም ሰምቼዋለሁ፤ ዛሬም እሰማዋለሁ።

ለመንቀል ያስቸገረው ከፊሉ እውነት ስለሆነ ነው። ሜላኒን በእርግጥ ይከላከላል። በ1979 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመና እስከ ዛሬ የምንጠቅሰው ጥናት እንደለካው፣ የነጮች የላይኛው የቆዳ ሽፋን ካረፈበት አልትራቫዮሌት ቢ ጨረር 24 ከመቶውን ሲያሳልፍ የጥቁሮቹ ያሳለፈው 7.4 ከመቶ ብቻ ነበር። ጥቁሩ ቆዳ ክሬም ሳይቀባ 13 ገደማ ኤስፒኤፍ (የፀሐይ መከላከያ መለኪያ) አለው ተባለ። መልካም፤ ነገር ግን 7.4 ዜሮ አይደለም፣ 13ም ከምናዝዘው 30 ወይም 50 ያንሳል። ደግሞስ ይህ ቁጥር የሚለካው ምንን ነው? መቅላትንና መቃጠልን።

የእኛ ቆዳ ደግሞ መጎዳቱን በመቅላት ብዙም አይናገርም፤ ይጠቁራል። ማድያት የሚበረታውም ብጉር ያለፈበት ቦታ ለወራት ጠቁሮ የሚቀረውም ቀለም አምራቾቹ ሕዋሳት ብርቱ ስለሆኑ ነው። «አልተቃጠልኩም» ያለ ሁሉ አልተጎዳም ማለት አይደለም። ከዚህም የባሰ አለ። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ የዲትሮይት ሙከራ እንዳሳየው፣ ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ራሱ ጠቆር ያለውን ቆዳ ለሳምንታት ያጠቁረዋል፤ እጅግ የነጣውን ግን አያጠቁረውም። በዚህ በኩል ከፈረንጁ ይልቅ ጥበቃ የሚያስፈልገው ጠይሙ ፊት ነው። ተቀብተውት የማይታየው የተለመደ ክሬም ይህን ብርሃን አያግድም፤ የሚያግደው የብረት ኦክሳይድ ያለበት፣ ቀለም የተቀላቀለበት ዓይነት ነው። ለጠይም ፊት የሚስማማ ቀለም ማግኘት ማስቸገሩ የአምራቾቹ ጥፋት ነው፤ እኛ ግን ቢያንስ ስሙን ጠርተን እንዘዘው።

ብርዱም ያታልለናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ከምድር ወገብ ብዙም ሳትርቅ ተቀምጣለች፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ጨረሩ በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ሹራብ ያስለበሰን አየር ጨረሩን አልቀነሰውም። ስስ ደመናም ብዙ አይከለክለውም።

ክሬሙ ውድ ነው፤ አውቃለሁ። ለሁሉም ሰው ይታዘዝ አልልም። የጥቁር ሰው ቆዳ ከፀሐይ በሚመጣ ካንሰር የሚያዘው ከነጩ እጅግ ባነሰ መጠን ነው፤ እኛ ላይ የምናየው ሜላኖማ በአብዛኛው ከውስጥ እግርና ከጥፍር ሥር ስለሚነሳ ከፀሐይ ጋር አናያይዘውም። ማድያት ላለባት፣ ሉፐስ ለያዘው፣ ዶክሲሳይክሊን ለሚወስድ ሰው ግን የፀሐይ መከላከያ የሕክምናው አካል ነው። መግዣ ያጣ ሰፊ ባርኔጣና ጃንጥላ ይያዝ፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥላ ይፈልግ። ስስ ነጠላ ብቻውን አይበቃም። መከላከያውን «አያስፈልግሽም» ብለን የመለስናት ሴት ወዴት እንደምትሄድም እናውቃለን፦ ስቴሮይድ ወዳለበት የሚያቀላ ቅባት። እሱ ደግሞ ቆዳዋን አሳስቶ፣ ስታቆመው ፊቷን ከቀድሞው የባሰ አድርጎ ይተዋታል።

«ጥቁር ሕዝብ ፀሐይ አይፈራም» የሚለው እምነት ከሁሉ የከፋ ዋጋ የሚያስከፍለው ግን አልቢኒዝም ያለባቸውን ልጆቻችንን ነው። ቀለም አምራቾቹ ሕዋሳት አሏቸው፤ ሜላኒኑ ግን ወይ አይመረትም ወይ እጅግ ያንሳል። በአፍሪካ ብዙዎቹ ገና በወጣትነታቸው በቆዳ ካንሰር የሚያዙት በዚህ የተነሳ ነው። ሌላው ልጅ ያለ ችግር የሚውልበት ሜዳ ለእነሱ አደጋ ነው፤ ካንሰሩን ደግሞ በአብዛኛው መከላከል ይቻላል። ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ በሰልፍም ሆነ በስፖርት ክፍለ ጊዜ በዩኒፎርም ስም ባርኔጣቸውን አታስወልቋቸው፤ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ ፍቀዱላቸው፤ ጥላ ያለበት ቦታ ስጧቸው። ወላጆችም በፊት፣ በጆሮ፣ በከንፈርና በአንገት ላይ ሳይድን የቆየ ቁስል ስታዩ ነገ ዛሬ ሳትሉ ወደ ሐኪም አምጧቸው።