አፉ ወደ ሰማይ የተከፈተ ቱቦ

ሪያድ፣ ራውዳ ሰፈር ውስጥ የምተዳደረው በብየዳ ነው፤ የቪላ በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የመኪና ጥላ እሠራለሁ። ሥራ ጨርሼ ስወጣ የማያቸው የመጨረሻ ነገሮች የቱቦ ጫፎች ናቸው። በአግድም የተበየደ ቱቦላሬ ጫፉ ክፍት ከቀረ ድንቢጥ ትገባበታለች። ሣር፣ የማዳበሪያ ክር፣ ላባ እየጎተተች ስታስገባ ቆሜ አይቻታለሁ። ቀጥ ብሎ የቆመና አፉ ወደ ሰማይ የተከፈተ ቱቦ ግን ወጥመድ ነው። ወፏ ጎጆ መስሏት ትወርዳለች፤ ውስጡ ልሙጥ ስለሆነ ጥፍሯ አይይዝላትም፤ ጠባብ ስለሆነም ክንፏን መዘርጋት አትችልም። አሜሪካ ውስጥ በኔቫዳ በረሃ የማዕድን ይዞታ ለማመልከት የተተከሉ ባዶ የፕላስቲክ ቱቦዎች እጅግ ብዙ ወፍ ፈጅተዋል።

ይህን የማነሳው ሪያድ ከተማዋን በሥነ ጥበብ ሥራዎች ለመሙላት ስለተነሳች ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው «ሪያድ አርት» ከ1,000 በላይ ሥራዎችን በአደባባይና በመናፈሻ ለማቆም አቅዷል። በአገሩ ያገለገለ ዕቃ ሐውልት መሆኑም አዲስ ነገር አይደለም፤ ጅዳ ውስጥ ሁሊዮ ላፉዌንቴ እውነተኛ መኪናዎችን ኮንክሪት ውስጥ ቀብሮ ሐውልት አቁሟል። ከሚቆሙት መካከል ከቁራሌ ብረት የሚሠራ ሐውልት ለወፍም መጠለያ ይሁን ቢባል ሐሳቡ ደስ ይለኛል። ሆኖም እንደ ብረት ሠራተኛ የምለው አለኝ።

ብረት ብቻውን እዚህ አገር ጎጆ አይሆንም። በሐምሌ ሙቀቱ ከ43 ዲግሪ ሲያልፍ ፀሐይ የዋለበትን ላሜራ ያለ ጓንት አንነካም። ትልቋ ወፍ በርራ ጥላ ትፈልጋለች፤ ላባ ያላበቀለው ጫጩት ግን የትም አይሄድም። ስለዚህ ብረቱ አጽምና ልብስ ይሁን፤ ጎጆው ከውስጥ በእንጨት ወይም በሸክላ ይሠራ፤ በሁለቱ መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተው። የመግቢያው ቀዳዳ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ምሥራቅ ይዙር። ለድንቢጥ 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ይበቃታል። ከጣሪያው ሥር አየር የሚወጣበት፣ ከወለሉ ውኃ የሚንጠባጠብበት ቀዳዳ ያስፈልጋል። የውስጡ ግድግዳ ጫጩቱ ቧጥጦ እንዲወጣ ሻካራ ይሁን። የተቆረጠ ጠርዝ ሁሉ በሞረድ ይለስልስ። ከመግቢያው ቀዳዳ ፊት መቆሚያ ብረት አትበይዱ፤ የሚጠቀምበት የሰፈሩ ድመት ነው።

ዴንማርካዊው ቶማስ ዳምቦ ከውዳቂ እንጨት በሺዎች የሚቆጠሩ የወፍ ቤቶች ሠርቶ በከተሞች ሰቅሏል። የእኛው ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ በሚሰበስበው የኮምፒውተር ሽቦና ሰሌዳ ዓለም ያወቀውን ሥራ ይሠራል፤ ከሥራ አጋሩ ከመስከረም አሰግድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ አበባ፣ መካኒሳ ላይ የከፈቱት ዞማ ሙዚየም ግን የተገነባው በጭቃና በጭድ ነው። ውዳቂው ለዓይን፣ ጭቃው ለኑሮ ሆኗል። ለሪያድ ወፎችም የሚበጀው ይኸው አሠራር ይመስለኛል።

ሐውልት እስኪታዘዝ መጠበቅ አያስፈልግም። በሪያድ በብየዳ የምትሠሩ ወንድሞቼ፣ የቆመ ቱቦ ሳትከድኑ ከሥራ ቦታ አትውጡ። አንዲት ቁራጭ ላሜራና ጥቂት ነጥብ ብየዳ ይበቃል፤ ባለቤቱም ዝናብ ገብቶ ውስጡ ከሚዝግበት ይድናል። በአግድሙ ቱቦ ውስጥ ጎጆ ካገኛችሁ ደግሞ ጫጩቶቹ በርረው እስኪወጡ ድረስ አትዝጉት።