ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ለሥራ ስለሚዛወር ሰው

በአዲስ አበባ ሥራ የያዘ ሰው ወደ ሌላ ከተማ ተዛወር በተባለ ጊዜ ነገሩን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቅጣት ይቆጥረዋል። ዘመድ መጥቶ ያጽናናዋል፤ እርሱም ማንን ደጅ ጠንቶ ዝውውሩን እንደሚያስቀር ያስባል። ድሬዳዋ የተመደበ ሰው የሚሰማው ምክር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሙቀቱን ከቻልኸው ሰዉ መልካም ነው ይሉታል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ አባባል ነው። መልካምነቱ የጠባይ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ምርምር ባላሻውም ነበር፤ እኛ ግን ከከተማይቱ አመሠራረትና ከአኗኗሯ ሥርዓት የመጣ ነው እንላለን።

ድሬዳዋን የቆረቆራት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ተራራውን መውጣት አስቸጋሪ ስለ ሆነ በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ሜዳ ላይ ቆመ። በሜዳው ከብት ያረቡ የነበሩት ኦሮሞዎችና ሶማሌዎች ናቸው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ በመካከሉ ባሉት ዓመታት ሐዲድ አንጣፊው፣ መካኒኩ፣ ጸሐፊውና ነጋዴው ከየአገሩ እየመጣ በዚያ ሰፈረ፤ ከደጋው አማራውና ጉራጌው፣ ከሐረር ሐረሪው፣ ከባሕር ማዶም የመኑ፣ ሕንዱ፣ ግሪኩና አርመኑ። ስለዚህ በከተማይቱ አያቱ ለሥራ ያልመጣበት ቤተ ሰብ ማግኘት ቀላል አይደለም። «ከየት መጣህ?» የሚለው ጥያቄ በሌላ ስፍራ መመርመር ሲሆን፣ በድሬዳዋ ግን ጨዋታ መጀመሪያ ነው።

እንግዳውን በመጀመሪያ የሚያስደነግጠው አነጋገሩ ነው። በአዲስ አበባ «እርስዎ» እና «አንተ» በጥንቃቄ ተመዝነው የሚሰጡ ናቸው። በድሬዳዋ ግን የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ አዲሱን ሹም «አንተ» ብሎ ይቀበለዋል፤ «አቦ» የሚለውንም ይጨምርለታል። (መምህሮቻችን ይቅር ይበሉንና፣ ዲግሪ ብዙ ልዩነት አያመጣም።) መጤው ለጊዜው የተናቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ይኸው «አንተ» ለሀብታሙም ለተሸካሚውም የሚባል መሆኑን ሲያይ፣ የንቀት ሳይሆን የመቀራረብ ምልክት እንደ ሆነ ይገባዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የአዲስ አበባ ነዋሪ 2,739,551፣ የድሬዳዋ ከተማ ነዋሪ ደግሞ 233,224 ነበር። ይህ ልዩነት በመንገድ ላይ ይገለጻል። የአዲስ አበባ ሠራተኛ ጠዋትና ማታ በታክሲ ሰልፍ ላይ የሚያቃጥለውን ሰዓት የድሬዳዋው ከባጃጅ እንደ ወረደ ያገኘዋል። በዚህም ላይ ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ በ1,200 ሜትር ገደማ ስለምትገኝ፣ የቀትሩ ሙቀት ሱቁን ያዘጋል፤ ሰው ሁሉ ወደ ጥላ ይገባል። ከገበያውና ከሥራው የተቀነሰው ሰዓት ለጎረቤት ይተርፋል ማለት ነው። ብዙ ቤቶች አንድ ግቢ ስለሚጋሩ፣ በሙቀት ወራትም አልጋውን ወደ ውጭ አውጥቶ የሚተኛ ስላለ፣ የተከራየ ሰው በሩን ዘግቶ ሳይታወቅ ልኑር ቢል አይሆንለትም። በኢድም በፋሲካም ሳሕኑ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ባዶውን መመለስ ነውር መሆኑን መጤው ቶሎ ይማራል።

ይህ ሁሉ ግን ዋጋ አለው። ከሰዓት በኋላ ለበርጫ ሲጠሩት ዘወትር እምቢ የሚል ሰው የከተማውን ወሬ፣ የቤት ኪራዩንና የሥራውን ዜና ግማሽ ያጣል፤ ዘወትር እሺ የሚል ደግሞ ደመወዙን ያጣል። በመካከሉ ያለውን መንገድ ያገኙ ሰዎች፣ እንዳየነው፣ ቀደም ብለው ዕድር የገቡ ናቸው። ዕድር ወርኀዊ መዋጮ ይጠይቃል እንጂ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ አይወስድም።

ጎረቤት ለመጤው ከሚሰጠው ነገር ሁሉ የሚበልጠው ዕውቀት ነው። ደቻቱ በአብዛኛው ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ወንዝ ነው ቢሉት አያምንም። ዝናቡ የሚዘንበው በላይ በተራራው ላይ ስለ ሆነ፣ በከተማው ሰማይ ላይ ደመና ሳይኖር ጎርፍ ሊወርድ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከዚያ በኋላ መከላከያ ግንቦች ተሠርተዋል። ቢሆንም ቤት ለመከራየት የሚፈልግ ሰው ከኪራዩ ዋጋ አስቀድሞ ውሃው በየት በኩል እንደ ወረደ ሽማግሌዎቹን ቢጠይቅ መልካም ነው። ኪራዩ የረከሰበት ምክንያት አንዳንድ ጊዜ ይኸው ነውና።

የግቢው ፍቅር በመሥሪያ ቤት ሁልጊዜ አይገኝም። ከተማይቱ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቻርተር ዐዋጅ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ሲሆን፣ ሥልጣኑ 40 ለኦሮሞ፣ 40 ለሶማሌ፣ 20 ለሌሎች በሚል ድርሻ ለብዙ ዓመታት ሲከፋፈል መቆየቱ የታወቀ ነው። በቡና ላይ ከየት መጣህ ብሎ መጠየቅ ጨዋታ ነው ብለናል፤ በሹመት ጊዜ ግን ያው ጥያቄ ሌላ ትርጉም አለው። ይህን ሳያስታውሱ ድሬዳዋ ዘር አትጠይቅም ማለት ግማሹን ብቻ መናገር ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልብ ብለናል። የቀድሞው ባቡር ጣቢያ በከዚራ በከተማው መካከል ስለ ነበር፣ ከባቡሩ የወረደ ሰው ወዲያው ከነዋሪው ጋር ይቀላቀል ነበር። ያ መስመር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ጋር መገናኘቱን አቆመ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚቆመው ከከተማው ውጭ በሜዳ ላይ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተከፈተው ነፃ የንግድ ቀጠናም እንዲሁ ወጣ ብለው የተሠሩ ናቸው። ጠዋት በሰርቪስ ሄዶ ማታ የሚመለስ ሠራተኛ ሱቁ የሚዘጋበትን፣ ጎረቤት በጥላ ሥር የሚሰበሰብበትን የቀትር ሰዓት አያገኘውም። አንዳንድ ግቢ ውስጥ ባለቤቶቹ የተከራያቸውን ስም ለማወቅ እሑድን ይጠብቃሉ።