ክረምት ሳይገባ ማገዶን ስለ ማዘጋጀት

እህል በጎተራ ቢሞላ፥ ዱቄቱም ተፈጭቶ ሊጡ ቢቦካ፥ ከምጣዱ በታች የሚነድ ደረቅ እንጨት ካልተገኘ ቤተ ሰቡ ራቱን አያገኝም። በበጋ ወራት ይህ ጉድለት ብዙ አያስጨንቅም፤ ፀሓይ ያደረቀችውን ጭራሮ ከአጥር ሥር ለቅሞ የዕለቱን ማብሰል ይቻላልና። ነገር ግን ሰኔ ገብቶ ደመናው ከተራራው ሲወርድ፥ ሐምሌና ነሐሴም ምድሩን አረስርሰው ብርዱ ከቤት ሲገባ፥ አስቀድሞ ያላሰበ ቤት በእርጥብ እንጨት ጭስ ዐይኑን ሲያሽ ይከርማል። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን የክረምትን ማገዶ ስለ መቍረጥ፥ ስለ መፍለጥ፥ ስለ ማድረቅና ስለ ማኖር ለአንባቢዎቻችን የሚጠቅመውን ነገር ልንገልጽ ወደናል።

ይህ ነገር ለጋዜጣ የማይበቃ ተራ የጓዳ ወሬ ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ የአገራችንን ታሪክ ጥቂት ይመልከት። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ የሕዝቡ ቍጥር እየበዛ ስለ ሄደ፥ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለቤት ሥራና ለማገዶ እየተቈረጠ አለቀ። ማገዶውም ከሩቅ የሚመጣ ሆነ። በዚህ ምክንያት ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማውን በስተ ምዕራብ ወዳለችው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው፥ በ1890ዎቹ መጀመሪያ በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ይህ ሐሳብ እንዲቀር ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ፥ ከአውስትራልያ ምድር የመጣውና ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ በአዲስ አበባ እየተተከለ መስፋፋቱ ነው። እንግዲህ የማገዶ ማጣት የንጉሥን ከተማ ሊያስነሣ ከደረሰ፥ የአንዱን ቤተ ሰብ ኑሮ እንዴት ሊያናውጥ እንደሚችል ለማንም የተሰወረ አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ይህ ነው። ገና የተቈረጠ እርጥብ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። አንዲት ሴት 30 ኪሎ እርጥብ ባሕር ዛፍ በጀርባዋ አዝላ ከተራራ ስትወርድ፥ እንጨት የሆነው 15 ኪሎ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው 15 ሊትር የሚሆን ውሃ ነው። እንጨት ለቅማ መጣች እንላለን እንጂ፥ ወንዝ ወርዳ ውሃ የቀዳችም ያህል ተሸክማለች። ያም ውሃ ከቤት ከደረሰ በኋላ ዋጋውን ያስከፍላል። እሳቱ አስቀድሞ ይህን ውሃ አፍልቶ በእንፋሎት ማባረር ስላለበት፥ ለወጡና ለእንጀራው የሚተርፈው ሙቀት ጥቂት ይሆናል። እሳቱ ሲደክምም እንጨቱ በሚገባ ሳይነድ ይጨሳል። እመቤቲቱ እፍ ስትል ዐይኗ ይቀላል፤ በጀርባዋ ያለው ሕፃንም ያስላል።

ይኸው እንጨት ተፈልጦ በነፋስና በፀሓይ ቢደርቅ ግን፥ 30 ኪሎ የነበረው ሸክም ከ20 ኪሎ በታች ይሆናል። ስለዚህ የሚቻለው ሁሉ እንጨቱን በቈረጠበት ስፍራ ፈልጦ፥ ቢያንስ ጥቂት ሳምንታት አድርቆ፥ ከዚያ በኋላ ወደ ቤት ቢያስመጣ፥ የተሸካሚውን ጀርባ ከብዙ ድካም ያድናል። ማገዶውም በቍጥር ሳይጨምር በሙቀት ይጨምራል።

እንጨት ለመቍረጥ የሚመቸው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው። በእነዚህ ወራት ሰማዩ የጠራ፥ ነፋሱም ደረቅ ነው። መከሩም ከተሰበሰበ በኋላ የገበሬው እጅ ጥቂት ያርፋል። በዚህ ወራት ተቈርጦ የተፈለጠ እንጨት እስከ ሰኔ ድረስ ከ4 እስከ 6 ወር ያህል የመድረቂያ ጊዜ ያገኛል። በከተማ የሚኖርና ማገዶውን በገንዘብ የሚገዛ ሰውም፥ ክረምት እስኪገባ ሳይጠብቅ በበጋ ቢገዛ ይሻለዋል፤ በክረምት እርጥብ እንጨት የሚገዛ ሰው ለውሃው ጭምር ይከፍላልና። እስከ ግንቦት የዘገየ ሰው ግን ተስፋ አይቍረጥ። ወድቀው የደረቁትን ቅርንጫፎች ይሰብስብ፤ የቈረጠውንም ቀጠን ቀጠን አድርጎ ይፍለጥ፤ ቀጭን ፍልጥ ከወፍራሙ ይልቅ ፈጥኖ ይደርቃልና።

ባሕር ዛፍ የሚቈርጥ ሰው ግንዱን ወደ መሬት አስጠግቶ፥ የጉቶውንም ፊት ጥቂት ሰያፍ አድርጎ ይቍረጥ፤ የዝናቡ ውሃ በላዩ ሳይቈም እንዲወርድ ነው። ጉቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ካቈጠቈጡትም ውስጥ ብርቱዎቹን 2 ወይም 3 ብቻ አስቀርቶ ሌሎቹን ማንሣት ለሚመጡት ዓመታት መልካም ማገዶ ያስገኛል። ነገር ግን ይህ ዛፍ ውሃ አብዝቶ የሚጠጣ ስለ ሆነ፥ በምንጭ አጠገብና በእርሻ ዳር መትከል አይገባም።

ስለ መፍለጥ የምንመክረው የሚከተለውን ነው።

1ኛ፤ ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ጠንክሮ መጥረቢያውን ይመልሳል። ስለዚህ ከቈረጡ በኋላ ሳይቈዩ መፍለጥ ይገባል። ቅርፊት የለበሰ ድብልብል እንጨት ውሃውን በውስጡ ይዞ ብዙ ጊዜ ይቈያል፤ የተፈለጠው ግን ቶሎ ይደርቃል።

2ኛ፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የመጥረቢያው ዛቢያ ያልላላና ያልተሰነጠቀ መሆኑን መመርመር ያስፈልጋል። ከዛቢያው ወልቆ የሚበር ብረት ሰው ይገድላል።

3ኛ፤ ጉማጁን በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሰፊ ጉቶ ላይ ማቆም ይገባል፤ ስለቱ ከድንጋይ እንዳይጋጭ ነው። ፈላጩም እግሮቹን ከፈት አድርጎ ይቁም። ልጆችና ከብቶች ፍንጣሪው ከማይደርስበት ስፍራ ይራቁ።

4ኛ፤ ጉጥ የበዛበትን ግንድ በጕልበት ብቻ መታገል ከንቱ ድካም ነው። አስቀድሞ ስንጥቁን ፈልጎ፥ በዚያ ሽብልቅ አግብቶ በመዶሻ መምታት ይሻላል። ሥራው ሲያበቃም መጥረቢያውን ልጆች ከማይደርሱበት ከፍ ካለ ስፍራ ማኖር ነው።

የተፈለጠውን እንጨት በመሬት ላይ እንዲሁ መከመር ድካምን ሁሉ ማበላሸት ነው። ከሥር የሚወጣው እርጥበት ያበሰብሰዋል፤ ምስጥም ይበላዋል። ስለዚህ ከሥሩ ድንጋይ ወይም አግዳሚ እንጨት ደልድሎ፥ በላዩ ፍልጡን በመካከሉ ነፋስ እንዲያልፍ አድርጎ መደርደር ይገባል። ከቤቱ ግድግዳም አንድ ስንዝር ያህል ማራቅ መልካም ነው። ከላዩ በቆርቆሮ ወይም በሣር ይከደን፤ ጎንና ጎኑ ግን አይዘጋ። ነፋስ የማይገባበት ክምር በክዳን ሥር ሆኖም ይሻግታል። የበልግ ዝናብ በሚዘንብበት አገር ይህ ክዳን ከየካቲት አስቀድሞ ሊዘጋጅ ይገባዋል። ከክምሩ ውስጥ እባብና ጊንጥ ሊደበቁ ስለሚችሉ፥ ልጆች እጃቸውን ወደ ውስጥ እንዳይሰዱ፥ ፍልጡም ከላይ ወደ ታች በተራ እንዲነሣ ማስተማር ያስፈልጋል።

የእንጨት መድረቅ በምን ይታወቃል ቢሉ፥ ምልክቱ ግልጥ ነው። ጫፉ ይሰነጣጠቃል፤ ቅርፊቱ በቀላሉ ይላቀቃል፤ ሲያነሡት ይቀልላል፤ ሁለቱን ፍልጥ ቢያጋጩአቸው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣሉ። ያልደረቀው ድምፁ የታፈነ ነው፤ ከእሳት ሲገባም ጫፉ አረፋ እያወጣ ይንጫጫል።

እንጨት ሁሉ ለማገዶ እኩል አይደለም። ወይራ ፍሙ ብርቱና ረዥም ጊዜ የሚቈይ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለበት ቦግ ብሎ ይነዳልና ምጣድን ፈጥኖ ለማጋል ይረዳል። ነገር ግን ወይራ፥ ጽድ፥ ዝግባና ኮሶ ለማደግ ብዙ ዘመን የሚፈጁ የአገራችን ዛፎች ስለ ሆኑ፥ አያቶቻችን ያቈዩልንን ለአንድ ሳምንት ወጥ ማብሰያ ማቃጠል የልጅ ልጆቻችንን ርስት መብላት ነው። ፈጥኖ የሚተካው ባሕር ዛፍ ለማገዶ ይሁን፤ እነዚያ ግን ይቁሙ። እንጨት በጠፋበት ደጋ ኩበት ማንደድ ግድ እንደሚሆን እናውቃለን። ሆኖም ፍግ ለእርሻ የሚሰጥ ሲሳይ ነውና፥ ኩበት በነደደ መጠን እርሻው ይራባል። በማሳ ዳርቻ ለማገዶ የሚሆን ዛፍ የተከለ ገበሬ እህሉንም አበዛ ማለት ነው፤ ምንም እንኳ ባሕር ዛፍን ከእርሻ አርቁ ብንልም፥ እርሻን የማይጐዱ እንደ ግራር ያሉ ሌሎች ዛፎች አሉና።

አሁን ደግሞ ልብን ወደሚነካው ነገር እንለፍ። በብዙ ቤት እንጨት መፍለጥ የወንድ፥ እንጨት ለቅሞ መሸከም ግን የሴትና የልጃገረድ ሥራ ሆኖ ቈይቷል። ከእንጦጦ ተራራ ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን የቅጠልና የጭራሮ ሸክም አዝለው፥ ወገባቸው ጐብጦ ወደ ከተማ የሚወርዱትን ሴቶች ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። በገጠርም አንዲት ልጅ ማገዶ ፍለጋ ስትሄድ የምታጠፋው ቀን ከትምህርቷ የተወሰደ ቀን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፥ የቤቱ ጌታ፥ ወንዶች ልጆችና ሴቶች ልጆች በአንድነት በበጋ ጥቂት ቀን ቢደክሙ፥ እናትና ልጅ ክረምቱን በሙሉ ከጭቃና ከሸክም ያርፋሉ። አህያ ያለውም አህያውን ይጫን። ወንድ ልጅ ማገዶ ቢሸከም ክብሩ አይቀንስም፤ የእኅቱ ደብተር ግን ባዶ እንዳይሆን ያደርጋል።

ስለ ጭስ የምንናገረው ለማስፈራራት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፥ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. ብቻ፥ ከምድጃ ጭስና ይህን ከመሰለ የቤት ውስጥ አየር መበከል የተነሣ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237,000 የሚበልጡት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ ማድ ቤቱ ጭስ መውጫ ይኑረው፤ ሕፃናትም ከምድጃው አጠገብ አይቀመጡ። ደረቅ እንጨት መጠቀም ጭሱን ይቀንሳል። እንደዚሁም ምርጥ እንደሚባለው ያለ እሳቱን በዙሪያው የሚከልል የእንጀራ ምድጃ፥ በ3 ጉልቻ ላይ ከሚነደው እሳት ይልቅ እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ሊያድን ይችላል።

ከጭስ ይልቅ የሚያስፈራው ግን የማይታየው ነው። በክረምት ብርድ ብዙ ሰው ከሰል አቀጣጥሎ፥ ፍም ሲሆንና ጭሱ ሲጠፋ ወደ መኝታ ቤት ያስገባና በሩንና መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል። ይልቁንም አራስ ባለችበት ቤት፥ እናቲቱና ጨቅላው እንዳይበርዳቸው በማሰብ እንዲህ ይደረጋል። ጭሱ ስለ ጠፋ አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። ከቀላው ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝ መልክም ሽታም የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ራስ ሲያም፥ ሲያዞር፥ ሲያቅለሸልሽና ጕልበት ሲከዳ፥ ወዲያው በርና መስኮት ከፍቶ፥ ሰዉን ሁሉ ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ፥ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል። ለብርድ የሚሆነው ወፍራም ልብስና በደኅና የተመረገ ግድግዳ ነው። ከሰል ግን በተዘጋ ቤት የሚተኙበት ጓደኛ አይደለም።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናሳስባለን። በየሰፈሩ መጥረቢያ የሚያነሣ ክንድ የሌለው ቤት አለ፤ ባልዋ የሞተባት፥ ልጆቿም የራቁባት አሮጊት፥ ወይም የታመመ ሽማግሌ። ገበሬው ለእርሻና ለመከር ደቦ እንደሚጠራ፥ የሰፈሩ ጐልማሶችም በበጋ አንድ ቅዳሜ ተሰብስበው የእነዚህን ጎረቤቶች እንጨት ቢፈልጡና ከክዳን በታች ቢደረድሩላቸው፥ የአንድ ቀን ላብ ለሦስት ወር ሙቀት ይሆናል። ሰኔ ሲገባ በእነዚያ ቤቶች ጣራ ላይ ቀጭንና ነጣ ያለ የደረቅ እንጨት ጭስ ማየት፥ ለሰፈሩ ሁሉ ደስታ ነው።