ትምህርቱ በነፃ፣ መድረሻው በገንዘብ

ልጅ በወላጅ እጅ ያለ አማና መሆኑ ለማናችንም የተሰወረ አይደለም። ይሁንና አባት ለማስተማር ፈቃደኛ ሆኖ፣ ልጅቱም ለመማር ጓጉታ፣ መንግሥትም ትምህርቱን በነፃ እሰጣለሁ እያለ ከ8ኛ ክፍል በላይ ሳትዘልቅ የምትቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ለመሆኑ እንቅፋቱ ምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት ወደ ደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ወረዳዎች፣ ማለትም ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ እንሂድ። ከጉና ተራራ እስከ በሽሎ ሸለቆ የተዘረጋው ይህ አገር ገደላ ገደል የበዛበት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በአመዛኙ የሚገኘው እንደ ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ባሉ ከተሞች ነው። በመሆኑም የገጠሩ ልጅ ከተማ ወርዶ ቤት ይከራያል፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ስንቁን ሊያመጣ በእግሩ ወደ ወላጆቹ ይመለሳል። የትምህርት ቤት ክፍያ ባይኖርም ኪራዩ፣ ስንቁና ማገዶው የወላጅ ዕዳ ነው። ልጅቱ ሴት ስትሆን ደግሞ በዚህ ላይ ስጋት ይጨመራል። ብቻዋን ተከራይታ ከምትኖር ትቅር የሚል ወላጅ ጥቂት አይደለም።

ከሳተላይት የወረደው ትምህርት

እንደሚታወቀው በ1997 ዓ.ም. መንግሥት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ጀመረ። ሕዝቡ ስሙን በቴሌቪዥኑ ጠርቶ “ፕላዝማ” አለው። በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር የሒሳቡንና የሳይንሱን ትምህርት በእንግሊዝኛ ያስተምራል፤ የክፍሉ መምህር ከፊትና ከኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ያብራራል። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የአዲስ አበባውና የገጠሩ ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኙ የታለመ ነው። ነገር ግን መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አለፈ ማለት ነው፤ ስክሪኑም ያልገባውን ተማሪ ቆሞ አይጠብቅም። ከሁሉም በላይ ግን ወጪው የወጣው ለስክሪኑ እንጂ ለተማሪው መንገድ አልነበረም። ፕላዝማው ያለው ከተማ ስለሆነ የስማዳዋ ልጅ ኪራይ አልቀረላትም።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲሰጥ ተደረገ። በዚያን ጊዜ ልዩነቱ ገሃድ ወጣ። ስማርት ስልክና የኢንተርኔት ካርድ የሚገዛለት ልጅ ሲማር፣ ሌላው ከብት ሲጠብቅ ከረመ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ሲባባስ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። በ2017 ዓ.ም. በክልሉ ከትምህርት ገበታ ውጭ የነበሩት ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። የርቀት ትምህርት እጅግ ባስፈለገበት ሰዓት መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው። በአንጻሩ የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ልጅ ከለመደው ጋር እኩል ይፈተን ማለት እንዴት ፍትሕ ይሆናል?

ገንዘቡ ተማሪውን ይከተል

በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመ የመንግሥት የኢንተርኔት ትምህርት ቤት አለ። የግዛቱ ተማሪዎች በነፃ ይማሩበታል፤ መንግሥት ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ የሚሰጠውም ተማሪው ኮርሱን በሚገባ ሲያጠናቅቅ ነው። እኛ የፍሎሪዳ ሀብት የለንም። ከዚያ የምንወስደው ትምህርት ግን አለ፤ ይኸውም የሕዝብ ገንዘብ መቆጠር ያለበት በተገዛው ዕቃ ሳይሆን በተማረው ልጅ መሆኑ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርትና ለመሰል አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል። ይሁን እንጂ የወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ የሚውል በመሆኑ ለሌላው የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ከትንሹ መጀመር ይገባል። በቪዲዮ የተቀዳ ትምህርት በሚሞሪ ካርድ ተጭኖ፣ ከመማሪያ መጽሐፍና ከሶላር መብራት ጋር በየቀበሌው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢቀመጥ ኔትወርክ ቢጠፋም አይቋረጥም። ጥያቄ የሚመልስ መምህር በሳምንት አንድ ቀን ቢመጣ ልጅቱ ከእናቷ ቤት ሳትርቅ 9ኛ ክፍልን ልትጀምር ትችላለች። ሬዲዮም ቢሆን ዛሬም የሚናቅ አይደለም።

ወላጆች ሆይ! ድርሻችንን አንርሳ። በወላጅና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ተገኝተን “የትምህርት ቤቱ በጀት ስንት ነው? ከዚህ ውስጥ ከተማ መውረድ ላልቻሉት ልጆች የዋለው የትኛው ነው?” ብለን እንጠይቅ። ቤት ያለውን ስልክ ለልጆቻችን በቀን ለአንድ ሰዓት እንልቀቅላቸው፤ ሴት ልጃችንንም ከወንድሟ እኩል እናስቀምጣት። ነፃ ትምህርት ነፃ የሚባለው ልጁ ደጅ ሲደርስ ነው።