ጎዶሎውን ይሙሉ ወይስ ጎበዙን ይውሰዱ?

በኮልፌ ቀራኒዮ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከቤቴል እስከ ወይራ ሰፈር፣ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ሜዳ ተብሎ የሚጠራ ቦታ ሁሉ በልጅ ይሞላል። አንዱ ሜዳ ሣር አብቅሎ የማያውቅ አቧራ ነው፤ ሌላው በቅርብ ዓመታት የተሠራና ሰው ሠራሽ ሣር የለበሰ። ከጠርዙ ላይ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አሠልጣኝ አይጠፋም። ክለቦች ለታዳጊና ለተስፋ ቡድናቸው ምልመላ ሲያወጡ ይህ አሠልጣኝና ከክለብ የመጣው መልማይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ቡድኑ የጎደለው የግራ መስመር ተመላላሽ ነው። ፊታቸው የቆመው ምርጥ ልጅ ግን አጥቂ ነው፤ አጥቂ ደግሞ ቡድኑ ሞልቶ ተርፎታል። ማንን ይውሰዱ?

ይህን ጥያቄ በየዓመቱ በአደባባይ፣ በቀጥታ ሥርጭት የሚመልሱት አሜሪካውያን ናቸው። በሞላላ ኳስ የሚጫወቱት 32ቱ የኤንኤፍኤል ክለቦች ተሰብስበው ከኮሌጅ የወጡትን ጀማሪዎች በሰባት ዙር፣ በተራ በተራ ይመርጣሉ። ሥርዓቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1936 ፊላደልፊያ ውስጥ ነው። ሐሳቡን ያመጣው የዚያችው ከተማ ክለብ ባለቤት ቤርት ቤል ሲሆን፣ ሀብታሞቹ ክለቦች ጎበዙን ሁሉ ሲጠቀልሉ የእሱ ቡድን ከግርጌ አልወጣ ብሎት ነበር። ስለዚህ አምና መጨረሻ የወጣው ዘንድሮ መጀመሪያ ይመርጣል።

ጎዶሎን ማስቀደም ምን እንደሚያስከፍል ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው ግን በቅርጫት ኳስ የሆነው የእ.ኤ.አ. 1984ቱ ምርጫ ነው። ፖርትላንድ ሁለተኛ መራጭ ነበር። በማይክል ጆርዳን ቦታ የሚጫወተውን ክላይድ ድሬክስለርን ከዓመት በፊት ወስዶ ስለነበር፣ የጎደለውን ረጅም የመሐል ተጫዋች ሳም ቡዊን መረጠ። ሦስተኛው መራጭ ቺካጎ ጆርዳንን ወሰደና ስድስት ዋንጫ አነሣበት፤ ቡዊ በእግር ስብራት ብዙ ዓመት ባከነበት። ተቃራኒውን ያደረገው የኤንኤፍኤሉ ግሪን ቤይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ብሬት ፋቭርን የመሰለ ዝነኛ እያለው፣ በዚያው ቦታ የሚጫወተውን አሮን ሮጀርስን በ24ኛ ተራ ወሰደ። ልጁ ሦስት ዓመት ተቀምጦ ተማረ። ፋቭር ሲሄድ ቦታው ባዶ አልቀረም፤ በ2011 ሮጀርስ የሊጉን ዋንጫ ሱፐር ቦውልን አመጣ።

እኛ ዘንድ ተራ ይዞ መምረጥ የለም። ልዩነቱ ግን ከዚህ ይጠልቃል። አሜሪካ ውስጥ የመጨረሻው ክለብ ሲሸነፍ ይካሳል፤ ፕሪሚየር ሊጋችን በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ግን መጨረሻ የወጣ ክለብ የሚጠብቀው መውረድ ነው። አብዛኞቹን ክለቦቻችንን የመንግሥት ተቋም ወይም የከተማ አስተዳደር ይዟቸዋል፤ በጀት የሚለቀው አካል ደግሞ የሚጠይቀው የዘንድሮን ውጤት ነው። አምስት ጨዋታ ካላሸነፈ የሚሰናበት አሠልጣኝ ለዛሬ አራት ዓመት የሚደርስ ልጅ ላይ ዓይኑን ቢጥል ማን ይፈርድለታል? ያለቀለትን ተጫዋች በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውል ያመጣና ቀዳዳውን ይደፍናል። ውሉ ሲያልቅ ያው ቀዳዳ ያፈጣል። በከፍተኛ ሊግና ከዚያ በታች የሚጫወቱት ክለቦች ከዚህ የባሰ የገንዘብ እጥረት ስላለባቸው ከሰፈር ልጅ ጋር የሚተዋወቁት እነሱ ናቸው። ምልመላን በቅርብ ማየት የሚፈልግ ሰው እነሱ ጋ ይሂድ።

የሙከራ ቀን እንዲህ ነው። ልጆቹ ተሰልፈዋል፤ አንዱ ታኬታው አዲስ ነው፣ ሌላው ከወንድሙ የተዋሰው ስለሆነ ጨርቅ ጠቅጥቆበታል። መልማዩ ወረቀት ይዞ ይጠይቃል፦

«አንተ የት ነህ?»

«አሥር ቁጥር።»

«አንተስ?»

«አሥር ቁጥር።»

«አንተ?»

«አጥቂ ነኝ ጋሼ፤ ግን አሥርም እጫወታለሁ።»

እስከ ሰልፉ መጨረሻ ይኸው ነው። ከዚያ ባለ ቀለም ሰደርያ ይታደላል። አሥር ቁጥር ነኝ ያሉት በጩኸታቸው መጠን መሐል ሜዳውን ይይዛሉ፤ ዝም ያለው ልጅ «አንተ ኋላ ቁም» ተብሎ ተከላካይ ይሆናል፤ በረኛ ደግሞ ማንም አልፈልግም ስላለ ከሁሉም ረጅሙ ይገፋል። ሃያ ደቂቃ ይጫወታሉ። በዚያ ሃያ ደቂቃ ዝምተኛው ልጅ ኳስ የሚነካው ጥቂት ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ ሦስት ሰው በአብዶ ያለፈው ልጅ ግን ስሙ ወረቀቱ ላይ ይሰፍራል።

ልጆቹን አልወቅስም። ያደጉበት ሜዳ የሚያስተምራቸው ይህንኑ ነው። በጠባብ ቦታ፣ በትንሽ ጎል፣ አምስት ለአምስት የሚጫወት ልጅ እግሩ ሥር ኳስ ማቆየት ይማራል፤ በአርባ ሜትር የሚላክ ኳስ፣ ከማዕዘን የመጣን ኳስ በቴስታ ማውጣት፣ ከጀርባው ያለውን ሰፊ ሜዳ መጠበቅ ግን የት ያየዋል? ስለዚህ መልማዩ ተሰጥኦ አየሁ ሲል ያየው አንድ ዓይነት ተሰጥኦ ነው። ኳሱ ሳይደርስበት ሁለቴ ዞር ብሎ የሚያይ፣ አጠገቡ ያለውን ጓደኛውን በድምፅ የሚያስተካክል፣ አጥቂው ከመሮጡ በፊት መሮጥ የጀመረ ልጅ እኩል ጎበዝ ነው። እሱን ለማየት ግን ዓይንን ከኳሱ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል።

ይህ አመራረጥ ያስከፈለንን ዋጋ በረኛ ላይ አይተነዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ለዓመታት ጎሉን ያስጠበቀው ዑጋንዳዊውን ሮበርት ኦዶንካራን፣ ከዚያ ኬንያዊውን ፓትሪክ ማታሲን፣ ከእሱ በኋላ ዑጋንዳዊውን ቻርልስ ሉክዋጎን እያመጣ ነው። ክለቡ አልተሳሳተም፤ ጎዶሎውን በበሰለ ሰው ሞላ፣ ዋንጫም አነሣ። ሌሎችም ተከተሉት። ነገር ግን የውጭ በረኛ በቆመበት እያንዳንዱ ጎል ሥር የአገር ልጅ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ በረኛ ደግሞ ካልተሰለፈ አይበስልም። ብሔራዊ ቡድኑ ሲጠራ ያ ሁሉ ይቆጠራል።

በደቡብ አፍሪካው የእ.ኤ.አ. 2013 አፍሪካ ዋንጫ፣ ከ31 ዓመት በኋላ በተመለስንበት መድረክ፣ ሁለት በረኞቻችን በቀይ ካርድ ወጡ፦ ጀማል ጣሰው በዛምቢያው፣ ሲሳይ ባጫ በናይጄሪያው ጨዋታ። በሁለተኛው ቅያሪ አልቆብን ስለነበር አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ ጎል ውስጥ ገባ። ያን ቀን ሁለት ሪጎሬ ያስቆጠረብን ቪክተር ሞሰስ ነው። ይኸው አጥቂ በ2016/17 የውድድር ዘመን በቼልሲ አሠልጣኝ አንቶኒዮ ኮንቴ እጅ የቀኝ መስመር ተመላላሽ ሆኖ የእንግሊዝን ሊግ አሸነፈ። መጀመሪያ ላነሣሁት ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ጎበዝ አጥቂ ወስዶ ተመላላሽ ማድረግ ይቻላል። አማካይን በረኛ ማድረግ ግን የጭንቅ ቀን ሥራ ነው።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው። ልጁ ከ17 ዓመት በታች ከሆነ ጎበዙ ይወሰድ፤ ጎዶሎ የሚታየው ሁለት ልጆች ሲተካከሉ ብቻ ነው። ምክንያቱም የዛሬው ጎዶሎ ልጁ ለዋናው ቡድን እስኪደርስ ድረስ ይለወጣል፦ አሠልጣኙ ይቀየራል፣ አሰላለፉ ይቀየራል፣ ሞልቶ ነበር የተባለው ቦታ ይራቆታል። በረኛ ብቻውን ይለያል። እሱን ክለቡ በየዓመቱ፣ ቢጎድለውም ባይጎድለውም መውሰድ አለበት። ለዋናው ቡድን ሲሆን ደግሞ ጎዶሎ ይቅደም፤ ነገር ግን ገበያ ከመወጣቱ በፊት ተስፋ ቡድኑ ይፈተሽ።

ጎበዙን እንውሰድ ስንል አንድ ወጥመድ አለ፤ ዕድሜ። በ14 ዓመቱ ጢም ያበቀለና ትከሻው የሰፋ ልጅ እኩዮቹን እየገፋ ያልፋቸዋል። መልማዩ ጎበዝ ይላል፤ ልጁ ግን ቀድሞ የጎለመሰ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሌሎቹ ከሦስት ዓመት በኋላ በቁመት ሲደርሱበት ብልጫው ያልቃል። አንዳንዱ ደግሞ ዕድሜው ከነአካቴው ሌላ ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ባስተናገደችው ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ መመርመር የጀመረው ለዚህ ነው። የሰፈር አሠልጣኝ ኤምአርአይ የለውም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ ከዚያ በፊት የተወለደ ብዙ ልጅ የልደት ወረቀት የለውም። አሠልጣኙ ግን እናቱን ያውቃል፣ ከማን ጋር አንደኛ ክፍል እንደገባ ያውቃል። ከክለብ የመጣ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ባይሄድ ብዙ ይተርፋል።

ገንዘቡም ወደ ልጆቹ ይጠቁማል። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦች የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ቢሾፍቱ ላይ ተስማምተው ነበር። ኤንኤፍኤል እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የደመወዝ ጣሪያ አለው፤ እዚያ ጀማሪ የሚፈለገው ክፍያው ትንሽ ስለሆነ ጭምር ነው። ወጪ ሲገታ ያሳደጉት ልጅ ዋጋው ይወጣል። አቡበከር ናስር ገና በወጣትነቱ በኢትዮጵያ ቡና ማሊያ በ2013 ዓ.ም. 29 ግብ አስቆጥሮ፣ ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ዓ.ም. ያስመዘገበውን የ24 ግብ ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ በዓመቱ የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ መጣበት። በፊፋ ደንብ ደግሞ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ለውጭ ክለብ ሲሸጥ፣ ከዝውውሩ ገንዘብ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ሁሉ ይከፋፈላል። አማተር የሆነ፣ ግን በፌዴሬሽን የተመዘገበ ክለብም ድርሻ አለው። ልጁ በስሙ ካልተመዘገበለት ግን አሠልጥኜዋለሁ ቢልም የሚሰማው የለም።

በኮልፌ፣ በአስኮም ሆነ በዘነበወርቅ ልጆች የምታሠለጥኑ ወንድሞችና እህቶች፣ ሜዳችሁን ሕጋዊ ቡድን አድርጋችሁ በክፍለ ከተማውም በፌዴሬሽኑም አስመዝግቡ። የእያንዳንዱን ልጅ ስም፣ የተወለደበትን ዓመት፣ ከእናንተ ጋር የቆየበትን ጊዜ በየዓመቱ ጻፉ፤ ልጁ ክለብ ሲገባ ወረቀቱ አብሮት ይሂድ። መልማይ ሲመጣም ዝም ብሎ ኋላ የቆመውን ልጅ በጣታችሁ አሳዩት።