የዳታቤዝ የክንውን መዝገብ አያያዝና የመጠኑ አወሳሰን

የተማሪዎች ውጤት በኮምፒዩተር በሚያዝበት የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት፣ ከዋናው የመረጃ ፋይል ጎን ለጎን ትራንዛክሽን ሎግ የሚባል የክንውን መዝገብ መኖሩን ብዙዎች አያስተውሉም። መዝገቡ የሚታወሰው ዲስኩ ሞልቶ ሥራ በቆመ ዕለት ነው። በዚያን ጊዜ ቦታ ለማግኘት ሲል ዳታቤዙን አቁሞ ይህን ፋይል የሚሰርዝ ሠራተኛ፣ ዳታቤዙ ዳግመኛ እንዳይከፈት ሊያደርግ ይችላል። ስለሆነም የመዝገቡን ጠባይ አስቀድሞ ማወቅ ያሻል።

ሀ/ የመዝገቡ ተግባር

ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት በተመሠረተው የሪሌሽናል ዳታቤዝ አሠራር መረጃ በሰንጠረዦች ተደራጅቶ ይቀመጣል። ማናቸውም ለውጥ መጀመሪያ በክንውን መዝገቡ ይጻፋል፤ ወደ መረጃው ፋይል የሚተላለፈው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ተማሪ ከአንዱ የትምህርት ክፍል ወደ ሌላው ሲዛወር፣ ስሙ ከፊተኛው ተሰርዞ ወደ ኋለኛው ሳይገባ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ፣ ዳታቤዙ እንደገና ሲነሣ መዝገቡን አንብቦ ያልተፈጸመውን ይሽራል፤ የተፈጸመውን ያጸናል። ተማሪው ከሁለቱም ሳይሆን እንዳይቀር የሚጠብቀው ይኸው መዝገብ ነው።

ለ/ የሚያብጥበት ምክንያት

በማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ሙሉ የማገገሚያ ስልት ሲመረጥ፣ የመዝገቡ ቦታ ለአዲስ ጽሑፍ የሚለቀቀው የራሱ የመዝገቡ መጠባበቂያ ቅጂ ሲወሰድ ነው። የመላው ዳታቤዝ ቅጂ በየሌሊቱ ቢወሰድም ይህን ቦታ አያስለቅቅም፤ ብዙ ጊዜ የሚሳተውም ይህ ነው። ቀላል በተባለው ስልት ቦታው በየጊዜው በራሱ ይለቀቃል፤ ነገር ግን ጉዳት ቢደርስ መረጃው የሚመለሰው እስከ መጨረሻው የዳታቤዝ ቅጂ ድረስ ብቻ ነው። ሳይዘጋ የቆየ ክንውን ደግሞ በሁለቱም ስልቶች ቦታውን ይዞ ይቆያል።

ሐ/ ማስለቀቅና ማሳነስ

እነዚህ ሁለት ተግባራት ለየቅል ናቸው። ጎተራ እህሉ ስለወጣለት አይጠብም፤ ቦታው የተለቀቀ መዝገብም በዲስኩ ላይ የያዘውን ስፋት አይቀንስም። ፋይሉን የሚያሳንሰው ዲቢሲሲ ሽሪንክፋይል የተባለው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ የሚቆርጠው ከፋይሉ መጨረሻ ስለሆነ፣ በዚያ በኩል በሥራ ላይ ያለ ክፍል ቢገኝ የመዝገቡን ቅጂ ወስዶ ትእዛዙን መድገም ያስፈልጋል። ማሳነስ የሚገባው ከተለመደው ውጭ የሆነ ሥራ ፋይሉን ሲያሳብጠው ነው። በየሳምንቱ ማሳነስ ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ፋይሉ ተመልሶ ያድጋል፤ በሚያድግበትም ጊዜ አዲሱ ቦታ በዜሮ እስኪሞላ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ይጠብቃል። በጥቂት በጥቂቱ ደጋግሞ ያደገ መዝገብም ንኡሳን ክፍሎች ስለሚበዙበት ዳታቤዙ ሲነሣ ያዘገየዋል።

መ/ የመጠኑ አወሳሰን

መጠኑ በግምት ሳይሆን በመለካት ይወሰናል። ሥራ በሚበዛበት ወቅት፣ ለምሳሌ በምዝገባና በውጤት ማስገቢያ ሳምንታት፣ በሁለት የመዝገብ ቅጂዎች መካከል የታየው ከፍተኛ መጠን ተወስዶ መጠነኛ ትርፍ ይጨመርበታል። የዕድገቱ ልክ በመቶኛ ከሚሆን በተወሰነ ሜጋባይት ቢሆን ይመረጣል፤ 2016 ተብሎ ከተሰየመው እትም ወዲህ ፕሮግራሙ በራሱ የሚይዘው ልክ 64 ሜጋባይት ነው። ቅጂው በየስንት ጊዜው እንደሚወሰድ የሚወሰነው መሥሪያ ቤቱ ሊያጣው በሚችለው የሥራ መጠን ነው፤ በየ15 ደቂቃው ተወስዶ በሌላ ዲስክ ከተቀመጠ፣ ዋናው ዲስክ ቢበላሽ የሚጠፋው ከ15 ደቂቃ ሥራ ብዙም አይበልጥም።

ዲስኩ በሞላ ጊዜም የሚቀድመው ተግባር የመዝገቡን ቅጂ መውሰድና ያልተዘጋ ክንውን መኖር አለመኖሩን መመርመር ነው እንጂ ፋይሉን መሰረዝ አይደለም።