በአሜሪካ የአየር ንጽሕና ደንብ የሚታረምበት ሥርዓት

በአሜሪካ ኅብረት 50 ግዛቶች አሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ገዢና የራሱ ሸንጎ አለው። ከሁሉም በላይ በዋሽንግተን የተቀመጠው የፌዴራል መንግሥት ነው። ነፋስ ግን የወሰን ድንጋይ አያውቅምና አየሩን የመጠበቁ ሥራ ለሁለቱም ተሰጠ።

ጢስ ሰውን እንደሚገድል በግልጥ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ በፔንሲልቬኒያ ግዛት ያለችው የዶኖራ ከተማ ናት። በ1948 ዓመት፥ በአውሮፓ አቈጣጠር፥ በኦክቶበር ወር ሙቅ አየር ከላይ እንደ ድስት ክዳን ገጠመና የብረቱና የዚንኩ ፋብሪካ ጢስ መውጫ አጥቶ በሸለቆው ውስጥ ተኛ። በጥቂት ቀን 20 ያህል ሰዎች ሞቱ፥ ብዙ ሺህም ታመሙ።

በ1970 የጸናው የአየር ንጽሕና ሕግ ሥራውን እንዲህ ከፈለው። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በአየር ውስጥ ሊኖር የሚፈቀደውን የጐጂ ነገር መጠን ይወስናል። ወደዚያ መጠን የሚደረስበትን መንገድ ግን እያንዳንዱ ግዛት የሕዝቡን ቃል ሰምቶ በዕቅድ ጽፎ ይልካል። ዕቅዱ ተመርምሮ ሲጸድቅ የግዛቱ ደንብ የፌዴራል ሕግ ኃይል ያገኛል፤ ከዚያ ወዲያ ተራው ሰው እንኳ አጥፊውን በፌዴራል ፍርድ ቤት ሊከስ ይችላል።

ከዚህ ላይ አስተውሎ ማንበብ ያስፈልጋል። ግዛቱ ደንቡን ቢለውጥ፥ ለውጡ እስኪጸድቅ ድረስ በፌዴራል ዘንድ የሚሠራው የቀድሞው ነው። በማሳቹሴትስ ግዛት በፍራሚንግሃም የነበረው የጄኔራል ሞተርስ የአውቶሞቢል ፋብሪካ ይህ ደረሰበት። ከቀለሙ የሚወጣውን ትነት እስከ 1985 መጨረሻ እንዲቀንስ ታዝዞ ነበር። ግዛቱ ጊዜውን እስከ 1987 ለማራዘም ፈቅዶ፥ ቀኑ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ማሻሻያውን ላከ። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት እስከ 1988 ቈይቶ አልቀበልም አለ፤ በመካከሉም ፋብሪካውን በአሮጌው ደንብ ከሰሰው። ፋብሪካውም፥ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ዘግይቶ ሊከሰኝ አይገባም ብሎ ተከራከረ፤ ክርክሩም ከንቱ የሚባል አልነበረም። በ1990 የጠቅላዩ ፍርድ ቤት ዳኞች ሁሉ በአንድ ቃል፥ ማሻሻያው እስኪጸድቅ የቀድሞው ዕቅድ ጸንቶ ይኖራል ብለው ፈረዱ። መዘግየቱ ቅጣቱን ሊያቀልል ይችላል እንጂ ክሱን አያስቀርም።

እንግዲህ የጸደቀውን ካልጸደቀው የሚለይ መዝገብ አስፈላጊ ሆነ። መሥሪያ ቤቱ በ1997 ባወጣው ሥርዓት መሠረት የየግዛቱ የጸደቀ ደንብ በሠንጠረዥ ይሰፍራል። በየጊዜውም በኋላ የጸደቀው ይገባል፥ የተሻረው ይወጣል፥ የቍጥርና የቀን ስሕተት ይታረማል፤ እርማቱም በመንግሥቱ ጋዜጣ ይታወጃል። አስቀድሞ የተወሰነውን ያስተካክላል እንጂ አዲስ ትእዛዝ አያመጣም፤ ስለዚህ አስተያየት ሳይጠየቅበት ሊወጣ ይችላል። ነገሩ የጸሓፊ ሥራ ብቻ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በፋብሪካ አጠገብ የሚኖር ሰው ለክስ ሲነሣ በፍርድ ቤት የሚታይለት በመዝገቡ የሰፈረው ደንብ ነው። ግልባጩም በመሥሪያ ቤቱ የአውራጃ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ለማንም ይታያል።